ገጣሚዋ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ መድረኩን መልሱላት

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሊነበብ የነበረ የግጥም መድብል ከመርሐ ግብሩ ወጥቷል። ወሬውን የሰማ ሰምቷል። ላልሰማ ባጭሩ ልንገረው። ገጣሚዋ እዚሁ ሽምብጥ ተወልዳ ያደገች የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ናት። መድብሏ በዚህ ከተማ «የጴንጤ ልጅ» እየተባሉ ማደግ ምን እንደሚመስል ይናገራል። ምሽቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው «አይቀርብም» ተባለች። ምክንያቱን ከአዘጋጆቹ አንዱ መድረክ ላይ ወጥተው አስረዱ። የጣና ሥነ ጽሑፍ የገዳማቱ ልጅ ነው አሉ። ፕሮቴስታንት ትናንት የመጣ እንግዳ ነው አሉ። ከክልሉ ሕዝብ 0.2 ከመቶ ብቻ የሆነ ማኅበረሰብ የአካባቢው ድምፅ ሊሆን አይችልም አሉ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብለው ዘጉት። አዳራሹም አጨበጨበ።

እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። አንድ ሰው ሊሳሳት ይችላል። አዳራሽ ሙሉ መጽሐፍ ወዳድ ሰው ግን አንዲትን ገጣሚ ከገዛ ከተማዋ ሲያስወጣ እያየሁ ዝም አልልም።

የገጣሚዋን ስም እዚህ አልጽፍም። ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ የወረደባት ስድብ ይበቃታል። እኔ ራሴ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ክርስትና የተነሣሁት ዘጌ ነው። ይህን የምናገረው ለማንም ቤተ እምነት ጠበቃ ሆኜ እንዳልመጣሁ እንዲታወቅ ነው። የምሟገተው ለግጥም ነው። ለከተማዬም ጭምር።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ከተባለው ሁሉ ደካማው እሱ ነውና። 0.2 ከመቶ የሚለው አኃዝ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተወሰደ ነው። በወቅቱ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ነበር። እንግዲህ የምናወራው ከ30 ሺህ በላይ ስለሆኑ ሰዎች ነው። ያው ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ ፕሮቴስታንቱን 18.6 ከመቶ ያደርገዋል። ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ግጥም ከመቼ ወዲህ ነው በድምፅ ብልጫ የሚጸድቀው? ደቅ ላይና ዳጋ ላይ የሚጸልዩትን አባቶች ብንቆጥራቸው ስንት ይሆናሉ? ማንም ቁጥራቸው ማነሱን አይቶ ድምፃቸውን ከጣና አልሰረዘም። ወይጦዎችስ? በዚህ ሐይቅ ዳር ጥቂት ናቸው። ሆኖም ደንገል አጭደው የሚሠሯት ታንኳ በየፖስት ካርዱ፣ በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ የጣና ምልክት ሆና ትታያለች። የጥቂቶችን ታንኳ የሁላችንም ብለን ተቀብለናል። የጥቂቶችን ግጥም ለመቀበል ምን አነቀን? በሕዝብ ብዛት ግጥም የሚመዝን ሰው ግጥም አይወድም። ይህን በድፍረት እናገራለሁ።

«ትናንት የመጣ እንግዳ» ወደሚለው ልለፍ። ይኼኛው ከቁጥሩ ይልቅ ያስቆጣል፤ ተናጋሪው የተማሩ ሰው ናቸውና። ባሕር ዳር ራሷ የእንግዶች ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1963 ሲከፈቱ ከየአውራጃው ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ መምህሩም መጣ። ዛሬ «የከተማዋ ልጅ ነኝ» ከሚለው ሰው የብዙው አባት ወይም አያት በዚያ ዘመን ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ላይ የነበረ ነው። ግን ነገሩን በዚህ ብቻ አላልፈውም፤ የጣና ዳርቻ የሃይማኖት ታሪክ ከዚህ በጣም ይሰፋል።

ይህ ሐይቅ አንድ ድምፅ ብቻ ሰምቶ አያውቅም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ሲናገሩ የዘመኑ ማዕከል እዚሁ የጣና አካባቢ ነበር። የኢየሱሳውያኑ፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም ጎርጎራ ላይ አለ። ከዚያ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ። ኢየሱሳውያን በተባረሩበት በዚያው ዘመን ጴጥሮስ ሄይሊንግ የተባለ የሉቤክ ሰው፣ ሉተራዊ፣ ወደ አፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት መጥቶ ተቀባይነት አገኘ። ከዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም የሚገኝበት ደሴት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ማን ከማን ጋር እንዳረፈ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ወደ ካቶሊክነት አዘንብለው በ1604 ጦር ሜዳ ላይ የተገደሉት አፄ ዘድንግል እዚያ ናቸው። ካቶሊኮቹን ያባረሩት አፄ ፋሲልም እዚያ ናቸው። መነኮሳቱ ሁለቱንም ይጠብቃሉ። የገዳሙ አባቶች የቻሉትን አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አቃተው።

ጎጃምስ ቢሆን መቼ ነው በአንድ ቃል የተናገረው? በክርስቶስ ባሕርይ ላይ ቅባትና ተዋሕዶ እየተባለ ስንት ጉባኤ ተቀምጧል፣ ስንት ሊቅ ተወግዟል? ነገሩ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እስኪቆረጥ ድረስ በዚህ ምድር ክርክር ተቋርጦ አያውቅም። ወደ ደምቢያ ስንሻገር ደግሞ ጀንዳ አለች። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹና በ60ዎቹ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን እዚያ በቤተ እስራኤል መካከል ይሠሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱላቸው የሚያምነው ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው። ልብ በሉ። ወንጌሉን ከፕሮቴስታንቱ ሰምቶ ጥምቀቱን ከተዋሕዶው ቄስ የሚቀበል ሰው ከጣና ሰሜን ዳርቻ ኖሯል። ነጮቹ ከሄዱ በኋላም ሥራውን ለረጅም ዘመን የመራው ሚካኤል አረጋዊ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ነበር። ይህን ሁሉ «ትናንት» ብሎ የሚጠራ ሰው ታሪክ አላነበበም፤ አንብቦ ከሆነም ደብቆናል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። ሰፋ ካለብኝ ታገሡኝ፤ ለዓመታት በውስጤ ሲብላላ የኖረ ነገር ነው።

አቡ ሩሚ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተወለደ፣ የተዋሕዶ ልጅ። ከአገሩ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስን፣ ሕንድን ዞሯል። በመጨረሻ ካይሮ ላይ ታሞ ወደቀ። አሴሊን ደ ሼርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው አስታመመው፤ ካገገመ በኋላም አብረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመሩ። ዐሥር ዓመት ፈጀባቸው። ማክሰኞና ቅዳሜ በር ተዘግቶ፣ እንግዳ ተከልክሎ፣ ሁለቱ ሰዎች ቁጥር በቁጥር ይሠሩ ነበር። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ሥራው ሲታተም አላየም፤ እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ሳሙኤል ጎባት የተባለው ፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ በ1830 ወደ ጎንደር ሲመጣ ይዞት የመጣው የዚህን ጎጃሜ አማርኛ ነው።

እስቲ ይህን አስቡት። የኢትዮጵያ ፕሮቴስታንት እንደ ስደተኛ በባዕድ ቋንቋ ተናግሮ አልጀመረም። በእጁ የገባው የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የጎጃም ሰው ድካም ነው። ያ ትርጉም ከዚያ በኋላ ተነካክቷል፣ ታርሟል፣ ሌላ ትርጉምም ተተክቶበታል። መሠረቱን የጣለው ግን እሱ ነው። ቅዳሴውን በግእዝ ሰምቶ ያደገ ሰው ነው ጳውሎስን በአማርኛ ያናገረው። እናም የባሕር ዳሯ ገጣሚ በሰንበት ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቁጥር በቃሏ ስትይዝ፣ አንደበቷ የተፈታው የአያቶቿ አገር ልጅ በጀመረው መንገድ ነው። ግጥሟን ሳነብ የምሰማው ይኼንን ነው። ነቢያቱን የምታውቃቸው በአማርኛ ነው። መዝሙረ ዳዊት ከእሷ ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ነው። ስንኟ ውስጥ ያለው ድግግሞሽ፣ ጥያቄን በጥያቄ የመመለስ ልማድ፣ ረጅም ልቅሶ ያለው አካሄድ ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ከዳዊቱ በግእዝ ያገኘሁትን እሷ በአማርኛ አግኝታዋለች። እንዲያውም ልጨምር፦ የአቡ ሩሚን ውለታ ከእኛ ይልቅ ጠብቀው ያኖሩት ፕሮቴስታንቶቹ ናቸው። እኛማ ረሳነው። በትውልድ አገሩ ስሙን ጠይቁ፤ ስንቱ ያውቀዋል? በስሙ የሚጠራ መንገድ አሳዩኝ። ይህን ሰው የረሳ ከተማ የእሱን አማርኛ ያልረሳችውን ልጅ «እንግዳ» ይላታል።

ተናጋሪው የቅኔውን ቅርስ ጠርተዋል፤ የጎጃም ቅኔ ቤቶችን ዋሸራንና ጎንጅን። ደስ ይለኛል፤ እኔም የምጠራው እሱን ነው። የቅኔ ቤት ሕጉ ምንድን ነው? ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ተማሪ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ መምህሩ ያዋርደዋል። ጎጃም ለኢትዮጵያ ያበረከተው ትልቁ ስጦታ ይህ ጭካኔ ነው፤ በየቀኑ አዲስ አምጡ የሚል ጭካኔ። እና በዚህ ቅርስ ስም አዲስ ድምፅ ይከለከላል? የቅኔ መምህር ቢሆኑ ኖሮ ተናጋሪው መጀመሪያ «እስቲ አሰሚኝ» ይሏት ነበር።

መጽሐፉን ማንበባቸውንም እጠራጠራለሁ። ያነበበ ሰው እንደዚያ አይናገርም። የማተቡን ግጥም እዩ። አያቷ አሰረችላት፤ እናቷ ፈታችው። ግጥሙ አያቲቱንም አይከስም፣ እናቲቱንም አይከስም። ልጅቱ ካደገች በኋላ መስታወት ፊት ቆማ አንገቷን ትዳስሳለች። ክሩ የነበረበት ቦታ የማን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ መልስም አትሰጥም። የአጎቷን ቀብር ያነሣችበትን እዩ። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ እንደ ወጉ ያለቅሳል። ሬሳውን ተሸክመው ከወጡ በኋላ ግን ሰዉ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ወደ የት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ የለም። በሰሜኑ ከተሞች ፕሮቴስታንቶች መቃብር ፍለጋ ምን ያህል እንደተንከራተቱ የምናውቅ ሰዎች ይህን ግጥም ስናነብ ማፈር አለብን። እኔ አፍሬያለሁ።

የደርጉ ዘመን ግጥም ለብቻው መድረክ ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያናት የተዘጉበት ዘመን ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታስሯል። የገጣሚዋ አባት በዚያ ዘመን ጓዳ ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ይዘምሩ ከነበሩት አንዱ ናቸው። መድብሉ በአብዛኛው የተጻፈው በወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት ቀለም እየጣለ፣ እንደ ልባችን ምት የለመድነው ቤት። እዚህ ግጥም ላይ ሲደርስ ግን ቤቱን ትሰብረዋለች። መስመሩ ወደ ሦስት፣ ወደ አራት ቀለም ይወርዳል። ቤት መምታቱም ይቀራል። ስንኙ ራሱ ጎረቤት እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሙያውን የተካነ ነው። እኔ በቅርብ ዓመታት ባሕር ዳር ላይ ከታተሙት ያነበብኳቸው መድብሎች ውስጥ ከዚህ የበለጠ የቅርፅ ውሳኔ አላየሁም።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የክብራኑን ነው። ገጣሚዋ ከኦርቶዶክስ ጓደኛዋ ጋር ጀልባ ላይ ናት። ክብራን ገብርኤል አጠገብ ያልፋሉ። ሴት አይገባበትም። ሁለቱም ከጀልባው ላይ ሆነው ዛፉንና የጣሪያውን ጫፍ ያያሉ። አንዷ ታማትባለች፤ አንዷ ዝም ትላለች። ደሴቱ ግን ከሁለቱም እኩል ይርቃል። ያ ርቀት ነው ግጥሙ። በዚያ ርቀት ላይ ሁለቱ እህቶች ይሆናሉ። ጣናን አስመልክቶ በተጻፈው ግጥም ሁሉ ውስጥ ሐይቁን ከሴት ዓይን፣ ከውኃው ላይ፣ ከውጭ ያየ ስንት አለ? የገዳማቱ ልጅ ማን እንደሆነ ከመናገራቸው በፊት ተናጋሪው ይህቺን አንድ ገጽ ገልጠው ቢሆን ምን ነበረበት?

የሚያስቆጨው ነገር ልጅቱ ከራሷ ሰፈርም ዕረፍት ማጣቷ ነው። «መጽሐፉ ዕጣን ዕጣን ይሸታል» ያሉ አማኞች አሉ። ለምን ስለ ጥምቀት ሰልፍ በናፍቆት ጻፈች? ለምን የአያቷን ጾም አከበረች? ግጥም እኮ መዝሙር ብቻ መሆን የለበትም። ምስጋና ብቻ እንድትጽፍ የሚፈልጓትና ጭራሽ እንዳትጽፍ የሚፈልጓት ሰዎች ሳያውቁት አንድ ሥራ እየሠሩ ነው። ሁለቱም ማንነቷን ራሳቸው ጽፈው ሊሰጧት ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር አልክድም። በታቦት፣ በቅዱሳን፣ በእመቤታችን ላይ አፋቸውን የሚከፍቱ ሰባኪዎች አሉ። ሰምቻቸዋለሁ፤ ደሜም ፈልቷል። በአዳራሹ ካጨበጨቡት አንዳንዶቹ ያንን ቁስል ይዘው እንደመጡ ይገባኛል። ግን የእነዚያን ዕዳ ለምን እሷ ትክፈል? መድብሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። አንድም ቦታ አልተሳለቀችም። አንድም ቦታ አላቃለለችም። አያቷ በዐቢይ ጾም ሌሊት ተነሥታ ስትሰግድ የጻፈችው ስንኝ ከእኛ ወገን በማንም የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይነበብ ነበር።

ያቺ ተረትም ብትሆን እሷን ነው የምትደግፈው። ሰርዶውም የዚህ አገር ነው፤ በሬውም የዚህ አገር ነው። ሽምብጥ ተወልዳ፣ ጣናን እያየች አድጋ፣ በአቡ ሩሚ አማርኛ አፏን የፈታች ልጅ የአገሩ ሰው ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

አዘጋጆቹ ሌላ ምሽት ማሰናዳታቸውን ሰምቻለሁ። መድብሉን ወደ መርሐ ግብሩ ይመልሱት፤ እንደ ማካካሻ በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ጣል አድርገው ሳይሆን ሙሉ ሰዓቷን ይስጧት። ተናጋሪውም ይምጡ፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና የክብራኑን ግጥም ከራሷ አፍ ይስሙ። ከዚያ በኋላ የሚተቹት ካለ ይተቹ። እኔም የምተቸው አለኝ፤ ሦስተኛው ክፍል ረዝሟል፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወቷ የጻፈቻቸው ሁለት ግጥሞች ባይገቡ ይሻል ነበር፣ አንዳንድ ቦታ ቤት ለመምታት ስትል ሐሳቧን ታጣምማለች። በዚህ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ብንከራከር ደስ ይለኛል።